በስልክ የተገዛ ዕቃ ሳይደርስ ሲቀር ገንዘብን ስለ ማስመለስ

ከላሊበላ ከተማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ በብልባላ በኩል አልፎ ተራራውን የወጣ መንገደኛ በጥድ ደን መካከል ትልቅ ዋሻ ያገኛል፤ በዋሻውም ውስጥ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ይታያል። ግንቡ እንደ አክሱም ዘመን አሠራር አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በኖራ የተለሰነ ድንጋይ እየተደረበ የተሠራ ነው። ካህንም ንጉሥም የነበረው ይምርሐነ ክርስቶስ ለሕንፃው ከሚያስፈልገው ዕቃ ከፊሉን ከግብፅ አገር እንዳስመጣ አባቶች በትውፊት ይነግሩናል። ይህም ከላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አስቀድሞ፣ ከዛሬ 800 ዓመት በላይ የሆነ ነገር ነው። እንግዲህ ለላስታ ሰው ከሩቅ አገር ዕቃ ማስመጣት ዛሬ የተጀመረ ሥራ አይደለም። ዛሬ አዲስ የሆነው ዕቃው ሳይዳሰስ፣ የሻጩም ፊት ሳይታወቅ፣ ዋጋው በስልክ አስቀድሞ መሄዱ ነው።

ቀድሞ በገበያችን የነበረውን ሥርዓት ማስታወስ ይጠቅማል። በላሊበላ የቅዳሜ ገበያ በሬ የሚገዛ ሰው አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፤ ያስኬደዋል፤ ሽንጡን ይዳስሰዋል። ይህን ሁሉ ካደረገ በኋላም ቢሆን፣ ከብቱ የሌላ ሰው ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ የሚጠየቅ ዋስ ካልተጠራለት ገንዘቡን አይቈጥርም። ሻጩም በበኩሉ የሚቀበለውን ገንዘብ ሳይመረምር አያልፍም ነበር፤ በማርትሬዛ ብር ዘመን በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች አንድ በአንድ እየቈጠሩ ያልተሟላውን ብር መመለስ የተለመደ ነበር። እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ከክፋት የመጣ አልነበረም። ሻጭና ገዢ በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ስለሚገናኙ ሁለቱም ስማቸውን ይጠብቁ ነበር፤ አታላዩንም ከዳኛ ይልቅ ያስፈራው የነበረ ይህ መተያየት ነው።

የስልኩ ገበያ ግን መተያየት የለበትም። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ቴሌብር የተባለውን አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ፣ ባንኮችም ገንዘብ በስልክ የሚተላለፍበትን መንገድ ካስፋፉ ወዲህ፣ በገጠር ያለው ሰው ሳይቀር ቤቱ ተቀምጦ አዲስ አበባ ላለ ነጋዴ መክፈል ችሏል። በቴሌግራም፣ በፌስቡክና በቲክቶክ ገጾች ላይ ጫማው፣ ልብሱ፣ የወጥ ቤቱ ዕቃ፣ የፀሐይ መብራቱ በሥዕል ተደርድሮ ይታያል። ይህ በውነቱ በጎ ነገር ነው፤ ላስታን ከመርካቶ ያገናኘ መንገድ ነውና። ቃላቸውን አክብረው ዕቃውን በወቅቱ የሚያደርሱ ነጋዴዎችም ብዙዎች ናቸው። የምንጽፈው ስለ ሌሎቹ ነው።

ነገሩ በቤት ውስጥ ምን እንደሚመስል በምሳሌ እናሳይ። በይምርሐነ ክርስቶስ አጠገብ ካሉት መንደሮች በአንዱ የሚኖር አባወራ ወይፈኑን ሸጠ እንበል። የ12ኛ ክፍል ፈተና የምትፈተን ልጅ አለችው፤ ማታ የምታጠናበት ብርሃን ስለሌላት ከወይፈኑ ዋጋ 15,000 ብር ቀንሶ ከነባትሪው የፀሐይ መብራት ሊገዛላት ቈረጠ። ልጂቱ በቴሌግራም ያየችውን ሥዕል አሳየችው፤ ቢደውልም ሻጩ በትሕትና፣ «አባቴ፣ የቀረን ዕቃ ሁለት ብቻ ነው፤ ዛሬ ካልከፈሉ ነገ አያገኙትም፤ በሦስት ቀን ላሊበላ ይደርስልዎታል» ብሎ መለሰለት። አባትም ከፈለ። ሦስቱ ቀን ካለፈ በኋላ፣ «መኪናው ደሴ ላይ ቆሟል፤ ለማጓጓዣ 1,000 ብር ይጨምሩ» ተባለ፤ ጨመረ። በሳምንቱ ስልኩ የማይነሣ ሆነ፤ ልጂቱ የጻፈችውም መልእክት አልደርስ አለ። ወይፈኑም ሄደ፤ መብራቱም አልመጣ።

ከዚህ በኋላ በቤቱ ውስጥ የሚሆነው ነገር ከገንዘቡ መጥፋት የከፋ ነው። አባት ለሚስቱ ሳይነግራት ይሰነብታል፤ ልጂቱ «እኔ ባላሳየው ኖሮ» እያለች ራሷን ትወቅሳለች፤ ጎረቤት ሰምቶ እንዳይሥቅ ነገሩ ይደበቃል። አሳባችንን ሳንሸሽግ እንናገር፤ የአታላዩ ዋነኛ ሀብት ይህ ዝምታ ነው። ከያንዳንዱ ቤት የሚወስደው ገንዘብ ለቤቱ ከባድ፣ ለክስ ግን ቀላል እንዲመስል አድርጎ ይወስዳል፤ ሃምሳ ቤት በኀፍረት ዝም ካለ ሃምሳ ወይፈን በነጻ ነዳ ማለት ነው። የተታለለ ሰው የሚያፍርበት ምክንያት የለውም፤ ቃልን ማመን ነውር አይደለምና። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ በዚያው ምሽት ለቤተ ሰቡ መንገር ነው። ሚስት ስልኩን ይዛ ደረሰኙን ትፈልጋለች፤ ልጅ መልእክቱን ትገለብጣለች፤ አባት ወደ ባንክ ይሄዳል።

ጊዜ እጅግ ይፈጥናል። አታላይ በሒሳቡ የገባለትን ገንዘብ ውሎ እንዲያድር አይተወውም፤ ወደ ሌላ ሒሳብ ያዛውረዋል፣ ወይም በጥሬ ገንዘብ ያወጣዋል። ማታለል መሆኑ በታወቀበት ሰዓት ገንዘቡ ለተላከበት ድርጅት መደወል ያስፈልጋል፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ951፣ ኢትዮ ቴሌኮም በ994 ይገኛሉ። ቅርንጫፍ በአቅራቢያው ያለው ሰው በአካል ቢሄድ የተሻለ ነው። የሚነገረው ቃል አጭር ይሁን፤ ይኸውም ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የገንዘቡ ልክ፣ የግብይቱ ቁጥር፣ የተቀባዩ ስምና የሒሳብ ቁጥሩ ነው። አቤቱታው የተመዘገበበትን ቁጥር ወይም የተቀበለውን ሠራተኛ ስም ጽፎ መያዝም አይረሳ።

ብዙ ሰው በዚህ ደረጃ ተስፋ ይቈርጣል። ገንዘቡ አሁን የሚገኘው በሌላ ሰው ሒሳብ ስለ ሆነ፣ ባንኩ እኛ ስለ ጠየቅን ብቻ ቀንሶ አይመልስልንም፤ ይህን ለማድረግ የተቀባዩ ፈቃድ ወይም ሥልጣን ያለው አካል ትእዛዝ ያስፈልገዋል። ነገሩ ሲታሰብ እኛንም የሚጠብቅ ሥርዓት ነው፤ ማንም ተነሥቶ «ተታልያለሁ» ባለ ቁጥር ከሒሳባችን ገንዘብ ቢወሰድ ኖሮ ማን ያስቀምጥ ነበር? የመደወሉ ጥቅም ግን አይናቅ። ባንኩ ሒሳቡን በዐይኑ እንዲከተል ያደርገዋል፤ ፖሊስ በጠየቀ ጊዜም ከአቤቱታው ቀንና ሰዓት ጋር መዝገቡ ይገኛል።

በስልክ የሄደ ገንዘብ በጥሬው ከተሰጠ ገንዘብ የሚሻልበት አንድ ነገር አለው፤ ዱካ ይተዋል። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒዩተር ሥርዓት ላይ በደረሰው ብልሽት ብዙ ሰዎች በሒሳባቸው ያልነበረውን ገንዘብ ባወጡና ባስተላለፉ ጊዜ፣ ባንኩ ገንዘቡ በማን በማን እጅ እንደ ገባ ያውቅ ነበር፤ ያልመለሱትንም ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ እስከ መለጠፍ ደርሶ አብዛኛውን አስመልሷል። እርግጥ አታላይ በሌላ ሰው ስም የተከፈተ ሒሳብ ሊጠቀም ይችላል። ያም ቢሆን ሒሳቡን ያዋሰው ሰው አለ፤ እርሱም የሚጠየቅ ሰው ነው።

ስለ ማስረጃ ጥቂት ሰፋ አድርገን መናገር ይገባናል፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነውና። ሰው ሲናደድ መጀመሪያ የሚያደርገው መሳደብ ነው። ሻጩም ስድቡን እንዳየ የተጻጻፉትን ሁሉ ይሰርዛል። በቴሌግራም ደግሞ አንዱ ወገን የሰረዘው መልእክት ከሌላውም ሰው ስልክ ላይ እንዲጠፋ ማድረግ ይቻላል፤ ይህን የማያውቅ ገዢ በማግሥቱ ስልኩን ሲከፍት ባዶ ገጽ ያገኛል። ስለዚህ ክፉ ቃል ከመናገር በፊት ስክሪንሹት የሚሉት የስልኩ ገጽ ሥዕል ይነሣ፤ ማንሣቱን የማያውቅ ሰው በሌላ ስልክ ፎቶግራፍ ያንሣው። የዕቃው ማስታወቂያ፣ ዋጋው፣ የተባለው ቀን፣ የሻጩ ስልክ ቁጥርና የገጹ ስም፣ የክፍያው ማረጋገጫ መልእክት፣ ሁሉም ከነቀኑ ይታይ። ገጹ ነገ ስሙን ሊለውጥ ይችላል፤ በሥዕል የተያዘው ግን አይለወጥም። ከተቻለ በወረቀት አትሞ ማስቀመጥ መልካም ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205፣ አንድ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መንገድ ስለ ተጻፈ ብቻ በሕግ ፊት ዋጋ እንዳያጣ ደንግጓል። እንግዲህ «ወረቀት አልተፈራረምንም» ብሎ የሚያዝን ሰው ያለ ምክንያት ያዝናል።

ይሁን እንጂ ዕቃው ያልደረሰለት ሰው ሁሉ ተታለለ አይባልም። ማድረስ ያልፈለገ ሻጭ አለ፤ ማድረስ ያልቻለም አለ፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ መቍጠር በሰው ላይ ግፍ መሥራት ነው። ይህን ከላስታ ሰው የበለጠ የሚያውቅ የለም። በሐምሌ ወር 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ በደረሰ ጊዜ መብራቱም፣ ስልኩም፣ ባንኩም ለወራት ተቋርጦ ነበር። እንደገናም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የኢንተርኔት አገልግሎት ለብዙ ወራት ተዘግቷል፤ መንገዱም በየጊዜው ይቋረጥ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከአዲስ አበባ በቅንነት የተላከ ሳጥን ደሴ ወይም ወልድያ ላይ ቆሞ ቢቀር፣ ነጋዴውም ገዢውን በስልክ ቢያጣው፣ ሌባ ሊባል አይገባውም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ይህን ለይቶታል። በቁጥር 1792 እንደ ተጻፈው፣ ባለ ዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው በማይችለውና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፍጹም በሚከለክል ኀይል የተያዘ እንደ ሆነ ካሣ ከመክፈል ነጻ ይሆናል። ዳሩ ግን ከካሣ ነጻ መሆን ማለት የተቀበሉትን ዋጋ ይዞ መቅረት ማለት አይደለም። ውሉ የፈረሰ እንደ ሆነ ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ከውሉ በፊት ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ ሲል ያው ሕግ በቁጥር 1815 ያዛል። ስለዚህ «መንገድ ተዘጋ» የሚል ሻጭ ወይ መንገዱ ሲከፈት ዕቃውን ያደርሳል፣ ወይ ገንዘቡን ይመልሳል፤ ዕቃውንም ገንዘቡንም ይዞ ሊቀመጥ አይችልም።

ያልቻለውን ካልፈለገው ለመለየት አንድ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ «ዕቃው የተጫነበትን ደረሰኝ ፎቶግራፍ አንሥተው ይላኩልኝ» ማለት ነው። ዕቃውን በእርግጥ የላከ ሰው በዚህ አይቈጣም፤ መኪናው የት እንደ ቆመ፣ ለማን እንደ ሰጠው ይናገራል፤ ስልኩን ያነሣል። አታላይ ግን በደረሰኙ ፈንታ አዲስ ታሪክ ይልካል፤ ከታሪኩም ጋር ተጨማሪ ገንዘብ ይጠይቃል። በምሳሌያችን ያለው አባት 1,000 ብር ሲጠየቅ ይህን ጥያቄ ቢያቀርብ ኖሮ ከሳምንት በፊት ባወቀ ነበር።

ሻጩ የሚታወቅና የሚገኝ ሰው ከሆነ ሕጉ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው ይፈልጋል፤ ይህም በፍትሐ ብሔሩ ቁጥር 1772 ተመልክቷል። ማስጠንቀቂያው ጠበቃ የሚያስፈልገው ነገር አይደለም፤ በስልክ መልእክት ሊጻፍ ይችላል። እንዲህ ቢባል ይበቃል፦ «መስከረም 10 ቀን ለፀሐይ መብራት ዋጋ 15,000 ብር፣ መስከረም 16 ቀን ለማጓጓዣ 1,000 ብር ልኬልዎታለሁ። ዕቃውን በሦስት ቀን ላሊበላ ሊያደርሱልኝ ተስማምተን ነበር፤ እስከ ዛሬ ግን አልደረሰኝም። ይህ መልእክት በደረሰዎት በ5 ቀን ውስጥ ዕቃውን እንዲያስረክቡኝ፣ አለዚያ 16,000 ብሩን እንዲመልሱልኝ አስጠነቅቃለሁ። ይህ ባይሆን በሕግ እጠይቃለሁ።» ስድብ የለበትም፤ ዛቻም የለበትም፤ ዳኛ ቢያነበው የሚያሳፍር ቃል አልተጻፈበትም። ከዚህ በኋላ ገንዘቡን የሚመልሱ ሻጮች ጥቂት አይደሉም፤ የጻፈላቸው ሰው ሕግ የሚያውቅ መሆኑን ይረዳሉና። ሻጩ ስልኩን ዘግቶ የጠፋ እንደ ሆነ ግን አምስት ቀን መጠበቅ ለአታላዩ ጊዜ መስጠት ነው፤ በቀጥታ ወደ ፖሊስ መሄድ ይገባል።

ሻጩ ዕቃ ሳይኖረው ገንዘብ ለመውሰድ ብሎ የዋሸ ከሆነ ነገሩ ውል ማፍረስ ብቻ አይደለም፤ ወንጀል ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ማታለልን በቁጥር 692 ደንግጎ፣ እንደ ነገሩ ክብደት እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ደግሞ በኮምፒዩተር አማካይነት የሚፈጸመውን ማጭበርበር ለብቻው አንሥቶታል። አቤቱታው ለወረዳው ፖሊስ ይቀርባል፤ ሻጩ ያለው አዲስ አበባ ነው ተብሎ መተው የለበትም። ፖሊስ በሕግ መንገድ ከባንኩ የሒሳቡን ባለቤት ማንነት መጠየቅ ይችላል፤ ይህን ገዢው ራሱ ሊያደርገው አይችልም። ከዚህም ሌላ የወንጀል ሕጉ በቁጥር 101 የተበደለው ሰው ካሣውንና የንብረቱን መመለስ ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምሮ እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። ይህን የሚያውቅ ሰው ለአንድ ነገር ሁለት ጊዜ ፍርድ ቤት ከመመላለስ ይድናል።

በፍትሐ ብሔር መክሰስ የመረጠ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ መንገዱ ነው፤ ለ16,000 ብር አዲስ አበባ ድረስ ማን ይመላለሳል? በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ግን ስለ ውል የሚቀርብ ክስ ተከሳሹ በሚኖርበት ስፍራ ብቻ ሳይሆን ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ስፍራ ባለው ፍርድ ቤት ሊቀርብ እንደሚችል ደንግጓል። ስለዚህ በመልእክቱ ላይ «ላሊበላ ላይ ማስረከብ» የሚል ቃል መኖሩ ትልቅ ጥቅም አለው። ተከራካሪዎቹ በተለያየ ክልል የሚኖሩ ሲሆኑ ጉዳዩ የፌዴራል ሥልጣን ሊሆን ስለሚችል፣ ክሱን የሚቀበለው የትኛው ፍርድ ቤት እንደ ሆነ አስቀድሞ ከመዝገብ ቤት መጠየቅ ይበጃል። ከውል የሚነሣ ጥያቄ በይርጋ የሚታገደው በመሠረቱ ከ10 ዓመት በኋላ ነው፤ ዳሩ ግን የስልክ ማኅደር 10 ዓመት አይጠብቅም። በነገራችን ላይ፣ አባቶቻችን ይዳኙበት የነበረው ፍትሐ ነገሥትም ስለ መሸጥና መግዛት፣ ስለ አደራና ስለ ዋስ የሚናገሩ አንቀጾች አሉት፤ ክርክሩ አዲስ አይደለም።

ሻጩ ንግድ ፈቃድ ያለው ከሆነ ለወረዳው የንግድ ጽሕፈት ቤትም ማመልከት ይቻላል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የተሸጠለት ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት እንዲጠይቅ መብት ሰጥቷል። ዕቃው ደርሶ የተሰበረ ወይም የማይሠራ ሆኖ ለተገኘ ሰው ይህ ይጠቅመዋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሁለተኛ አታላይ ይመጣል። ሰውዬው መታለሉን በፌስቡክ ላይ ጽፎ ምክር ሲጠይቅ፣ «እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ገንዘብህን አስመልስልሃለሁ፤ ለአገልግሎቱ 2,000 ብር ላክ» የሚል መልእክት ይደርሰዋል፤ ወይም የምስጢር ቁጥሩን ይጠይቁታል። እንዲህ ያለው ሰው የመጀመሪያው አታላይ ወንድም ነው፤ አንዳንዴም ራሱ ነው። የምስጢር ቁጥር ለማንም አይነገርም።

በውጭ አገር የሚኖሩት ዘመዶቻችን ስለዚህ ነገር ሲነገራቸው ይደነቃሉ፤ እነርሱ በሚገዙበት ገበያ ዕቃ ባይደርስ ገንዘቡ ይመለሳልና። በ1995 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተቋቋመው ኢቤይ የተባለው የኢንተርኔት ጨረታ ገበያ፣ በራሱ በኩል የከፈለ ገዢ ዕቃው ይደርሳል ከተባለበት የመጨረሻ ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ እንዲያመለክት ይፈቅዳል፤ ሻጩ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ነገሩን ካልፈታ ገዢው ድርጅቱን ዳኛ አድርጎ ይጠራዋል። ፔይፓል የተባለው የክፍያ ድርጅት ለእንዲህ ያለ አቤቱታ 180 ቀን ይሰጣል፤ ነገር ግን ገንዘቡ «ለወዳጅና ለዘመድ» ተብሎ የተላከ እንደ ሆነ ይህ ጥበቃ አይሠራም። አንዳንድ ሻጭ ክፍያውን በዚህ መንገድ እንዲልኩለት የሚለምነው ስለዚህ ነው። በሐዋላ የተላከ ገንዘብ ደግሞ ከተከፈለ በኋላ ለማስመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ይሁን እንጂ በ2017 እ.ኤ.አ. ዌስተርን ዩኒየን የአታላዮችን ሥራ ባለ መከልከሉ 586 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተስማማ ጊዜ፣ ከዓመታት በኋላ ገንዘባቸው የተመለሰላቸው ተበዳዮች ነበሩ፤ ለዚህም ያበቃቸው ማመልከታቸው ነው።

ልዩነቱ በሰዎቹ ጠባይ ላይ አይደለም። በዚያ ገበያ በሻጭና በገዢ መካከል የቆመ ሦስተኛ ወገን አለ፤ በቴሌግራሙ ገበያ የለም። በቻይና አገር በ2004 እ.ኤ.አ. አሊፔይ የተባለው አገልግሎት ሲጀመር ሥራው ይኸው ነበር፤ የገዢውን ገንዘብ ተቀብሎ ያስቀምጣል፤ ገዢው ዕቃው ደረሰኝ ሲል ለሻጩ ይለቃል። ፊት ለፊት የማይተያዩ ሰዎች ያለ ፍርሃት መገበያየት የቻሉት በዚህ ነው። እኛ ይህን ነገር አደራ እንለዋለን፤ የፍትሐ ብሔሩ ሕግም ራሱን የቻለ ክፍል ሰጥቶታል። ለውጭ አገር ሰው ኮምፒዩተር የሚሠራለትን፣ ለላስታ ቤተ ሰብ አዲስ አበባ ያለ የእኅት ልጅ ሊሠራለት ይችላል።

አሠራሩም ይህ ነው። ገንዘቡ ለሻጩ ሳይሆን ለዘመድ ይላካል፤ ዘመድ የዕቃውን ሥዕል ይዞ ወደ ሻጩ ሱቅ ይሄዳል። «ሱቅ የለኝም፤ አስቀድመው ይክፈሉ» የሚል ሻጭ በዚህ ብቻ ማንነቱን ይገልጣል። ሱቅ ካለው ዕቃው ይታያል፤ ይሞከራል፤ ደረሰኝ ይቈረጣል። ዘመድ የሌለው ሰው ከዋጋው ጥቂቱን ብቻ በቀብድ ከፍሎ የቀረውን ሲረከብ ለመክፈል ይስማማ፤ ይህንም ሻጩ በጽሑፍ ይመልስለት። የሰበካ ጉባኤ ወይም የማኅበር ገንዘብ ይዘው ድምፅ ማጉያ፣ ምንጣፍ ወይም የፀሐይ መብራት ለመግዛት የተመረጡ ሰዎች ደግሞ ከዚህ የበለጠ ይጠንቀቁ። የገዛ ገንዘቡን ያጣ ሰው ሐዘኑ የቤቱ ነው፤ የማኅበር ገንዘብ ያጣ ሰው ግን ባልበላው ይታማል። ስለዚህ ክፍያው በሁለት ሰው ፊት፣ በማኅበሩ ስም በተቈረጠ ደረሰኝ ይሁን፤ የግል ሒሳብ ለሚሰጥ ሻጭም አይላክ።

ይህ ጥንቃቄ የላስታን ሻጭም ይጠቅማል። የላስታ ነጭ ማር ስሙ አዲስ አበባ ድረስ የታወቀ ስለ ሆነ፣ በስሙ ስኳር የተቀላቀለበት ማር የሚሸጥ ሰው አይታጣም። የአገራችን ማር አምራች ቆርቆሮውን ሲጭን ክብደቱን፣ የተጫነበትን ቀንና የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥር በፎቶግራፍ አንሥቶ ለገዢው ቢልክ፣ ገዢው ሌላ ጊዜ የሚፈልገው እርሱን ነው።

ዕቃው በአውቶቡስ የሚላክ ከሆነ የጭነቱ ደረሰኝ ቁጥር፣ የሰሌዳው ቁጥርና የረዳቱ ስልክ በዚያው ሰዓት ለተቀባዩ ይላክ። ለአጓጓዥ ከተሰጠ በኋላ መንገድ ላይ ቢሰበር ወይም ቢጠፋ ጉዳቱን የሚሸከመው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ በመልእክት ይጻፍ፤ «ላሊበላ ደርሶ እስክረከበው ድረስ በሻጩ ኀላፊነት» የሚል አንድ መስመር ይበቃል። ሳጥኑ ላሊበላ በደረሰ ጊዜ ወደ ቤት ከመወሰዱ በፊት በረዳቱ ፊት ይከፈታል፤ መብራቱም እዚያው በርቶ ይታያል፤ የቀረው ሒሳብ ለሻጩ የሚላከው ከዚያ በኋላ ነው።